ከዓይን እስከ አንጎል፦ የነርቭ ክር መንገዱን እንዴት ያገኛል?

ከእያንዳንዱ ዓይናችን ተነስቶ ወደ አንጎል የሚዘልቀው ነርቭ ሲያዩት አንድ ገመድ ይመስላል። ውስጡ ግን አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮች አሉ። እያንዳንዱ ክር የወጣው በዓይን የጀርባ ግድግዳ ላይ በተነጠፈችው ስስ ሽፋን፣ በሬቲና ላይ ከተቀመጠ አንድ ሕዋስ ነው። ክሩ ከዚያ ተነስቶ በዓይኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ በር ይወጣል፤ በአንጎል ሥር ከሌላው ዓይን ክሮች ጋር ይገናኛል፤ ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ይወስናል፤ በመጨረሻም በጣም ብዙ ከሆኑ የአንጎል ሕዋሳት መካከል የራሱን መርጦ ይጋጠማል። በሬቲና ላይ ጎረቤት የነበሩ ሁለት ሕዋሳት ክሮቻቸው አንጎል ውስጥም ጎረቤት ሆነው ያርፋሉ። ሥርዓቱ ቢዛባ ኖሮ የምናየው ፊት ዓይኑ ካገጩ፣ አፍንጫው ከጆሮው ጋር ተቀላቅሎ ይታየን ነበር።

አብዛኛው ጉዞ የሚጠናቀቀው ሕፃኑ ገና በማህፀን ሳለ ነው። አስተማሪ የለም፤ የሚታይ ነገርም የለም። ታዲያ ክሩ መድረሻውን ማን ነገረው? «በዘር ተጽፏል» ማለት ይቀላል፤ መልሱ ግን ጥያቄውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ከመግፋት በቀር ምንም አይጨምርም። የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚያሠሩ ዘረ መሎች 20,000 ገደማ ናቸው፤ የአንጎላችን የነርቭ ሕዋሳት ደግሞ 86 ቢሊዮን ገደማ። ለእያንዳንዱ ክር የተለየ የጉዞ ማዘዣ ልጻፍ ቢባል ወረቀቱ አይበቃም። ባለፉት መቶ ሠላሳ ዓመታት የተሠራው ምርምር ያሳየን ነገር ሌላ ነው፤ ለእኔም ከመልሱ ሁሉ የሚደንቀኝ እሱ ነው። ዘረ መሉ የሚያዘው ክሩ በየመንገዱ ለሚያጋጥመው ምልክት የሚሰጠውን ምላሽ ነው። ምላሹም ክሩ በተራመደ ቁጥር ይለወጣል።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1890 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ባገኘው የብር ማቅለሚያ የጫጩት ጽንስን ኅብለ ሠረሠር እያቀለመ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። የነርቭ ክሮቹ ጫፍ ባዶ አለመሆኑን አስተዋለ። ጫፉ ያበጠ፣ ዳር ዳሩ እሾህ የመሰለ ነገር ነበር። ካሃል የሚያየው የሞተና የደረቀ ቁራጭ ነው፤ ነገር ግን ያ ጫፍ በሕይወት ሳለ እየተንቀሳቀሰ፣ ከፊቱ ያለውን እየገፋ መንገድ የሚከፍት መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ክሩን የሚስቡት ከመድረሻው የሚወጡ ኬሚካሎች ሳይሆኑ አይቀሩም አለ። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ባለሙያዎች አልተቀበሉትም። አንዳንዶቹ የነርቭ ክር ከአንድ ሕዋስ የሚወጣ ሳይሆን ብዙ ሕዋሳት ተቀጣጥለው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው ይሉ ነበር።

ክርክሩን የዘጋው አሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን ነው፤ ዓመቱ 1907። ከእንቁራሪት ጽንስ ወደፊት ኅብለ ሠረሠር የሚሆነውን ቁራጭ ቆርጦ አወጣ፤ ከትልቅ እንቁራሪት በተቀዳ የሊምፍ ጠብታ ውስጥ አስቀመጠው፤ ጠብታው ሲረጋ ስስ መስተዋቱን ገልብጦ ጎድጎድ ባለ ሌላ መስተዋት ላይ አንጠለጠለና ዙሪያውን በሰም አሸገው። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይጠባበቅ ጀመር። በሰዓታት ውስጥ ከቁራጩ ዳር ቀጫጭን ክሮች ወጥተው ምንም ሕዋስ በሌለበት ባዶ ሊምፍ ውስጥ ተዘረጉ። ሰንሰለት የሚሠሩ ሌሎች ሕዋሳት አልነበሩም። ክሩ ከአንድ ሕዋስ የወጣ፣ ጫፉም ሕያው መሆኑ ታየ። ሕያው ሕዋስን ከአካል ውጪ ማሳደግ ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሚሠራ ተራ ነገር ነው፤ ሥር ከሰደደባቸው ሙከራዎች አንዱና ዋነኛው ይህ የሃሪሰን ጠብታ ነው።

ጫፉን ቀረብ ብለን እንየው። ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ገደማ ነው። ከፊቱ ቀጫጭን ጣቶች ይወጣሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘረጋሉ፣ ይዳስሳሉ፣ ይሰበሰባሉ። ጣቶቹን የሚያቆማቸው አክቲን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ፊት ለፊት ያለማቋረጥ ይገጣጠማል፣ ወደ ኋላ ያለማቋረጥ ይጎተታል። አንድ ጣት የሚስማማውን ገጽ ሲነካ ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል ጣቱን ማንሸራተቱን ትቶ ጫፉን በሙሉ ወደ ፊት ይስባል። ከኋላ ደግሞ ማይክሮቲዩብ የተባሉት ጠንከር ያሉ ዘንጎች ወደዚያው ጎን ገብተው አዲሱን የክር አካል ያጸናሉ። የማይስማማ ነገር የነኩት ጣቶች ይታጠፋሉ፤ በዚያ ጎን የነበረው አክቲን ይፈርሳል፤ ጫፉ ፊቱን ያዞራል። በ1993 የጆናታን ሬፐር ቡድን ከዶሮ አንጎል አንድ ፕሮቲን ለይቶ አወጣ። በሳህን ላይ እያደገ ባለ የነርቭ ጫፍ ላይ ሲጨመር ተዘርግተው የነበሩት ጣቶች በደቂቃዎች ውስጥ ይኮማተራሉ፤ ጫፉም ይሟሽሻል። ዛሬ ሴማፎሪን ከሚባለው ትልቅ የፕሮቲን ቤተሰብ መካከል የሚቆጠር ነው።

ጫፉ ይህን ሁሉ የሚወስነው ከሕዋሱ አካል ትእዛዝ እየተቀበለ ይመስል ነበር። በ1987 ዊልያም ሃሪስ፣ ክሪስቲን ሆልትና ፍሬድሪክ ቦንሆፈር በእንቁራሪት ጽንስ ላይ ከዓይን የወጡ ክሮችን ከሕዋሳቸው ቆርጠው ለዩአቸው። የተቆረጡት ክሮች ለሰዓታት ያህል ትክክለኛውን መንገድ ይዘው መጓዛቸውን ቀጠሉ። በኋላ እንደታወቀው ጫፉ የሚያስፈልጉትን አንዳንድ ፕሮቲኖች እዚያው በቦታው ይሠራል። ከአለቃው ርቆ የሄደ ሠራተኛ ስንቅም ፍርድም ይዞ መሄድ አለበት፤ የነርቭ ጫፍም እንዲሁ ነው።

ጫፉ መራመድና መታጠፍ እንደሚችል ማወቅ ግን የት መድረስ እንዳለበት እንዴት እንደሚያውቅ አይነግረንም። በ1930ዎቹ ገናና የነበረው የቺካጎው ፖል ዋይስ ክሮች መንገዳቸውን የሚያገኙት በሚደገፉበት ገጽ ቅርጽ ነው፣ የትም ቢጋጠሙ ኋላ ሥራው ራሱ ያስተካክላቸዋል የሚል አመለካከት ነበረው። ይህን ያፈረሰው የገዛ ተማሪው ሮጀር ስፔሪ ነው።

ስፔሪ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ሙከራ እስካሁን ከማውቃቸው የሥነ ሕይወት ሙከራዎች ሁሉ ለመረዳት ቀላሉ፣ ለመርሳት ከባዱ ነው። ኒውት የተባለች፣ እንሽላሊት የምትመስል ግን ከእንቁራሪት ወገን የሆነች የውኃ እንስሳ አለች፤ የዓይኗ ነርቭ ቢቆረጥ መልሶ ያድጋል። ስፔሪ ነርቩን ቆረጠና ዓይኑን ከሥሩ ሳያወጣ በቦታው እንዳለ ግማሽ ዙር አዞረው፤ የላይኛው ወደ ታች፣ የፊተኛው ወደ ኋላ ሆነ። ከሳምንታት በኋላ ነርቩ አደገ፣ እይታዋም ተመለሰ። ምግብ ከላይ ሲያሳዩአት ግን ወደ ታች ትወረወራለች፤ ከፊቷ ሲያደርጉላት ወደ ኋላ ትዞራለች። ብትራብም፣ ቢደጋገምም አልተማረችም። የዋይስ አስተሳሰብ ትክክል ቢሆን ኖሮ ሥራው ክሮቹን በጊዜ ብዛት ባስተካከላቸው ነበር። የሆነው ግን እያንዳንዱ ክር ዓይኑ መዞሩን ሳይመለከት የድሮ ቦታውን ፈልጎ መግባቱ ነው። ስፔሪ ከዚህ ተነስቶ ክሮቹም መድረሻዎቻቸውም ኬሚካዊ መለያ ይዘዋል፣ የሚተዋወቁትም በመለያው ነው አለ።

በ1963 ከዶሜኒካ አታርዲ ጋር በወርቃማ ዓሣ ላይ የሠሩት ደግሞ ነገሩን አጠነከረው። የሬቲናውን ግማሽ አስወግደው ነርቩን ቆረጡ። የቀረው ግማሽ ክሮች ሲያድጉ ባለቤት አልባ የሆነውን የአንጎል ክፍል እያዩ አልፈው፣ ድሮ ወደ ነበሩበት ሄደው ሰፈሩ። ባዶ ቦታ አላታለላቸውም።

መለያው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ሃያ ዓመት አለፈ። የተከፈተውም በጀርመን ቱቢንገን፣ በማክስ ፕላንክ ተቋም፣ በቦንሆፈር ቤተ ሙከራ ነው። የዶሮ ጽንስ ዓይን ክሮች የሚያርፉበት ቴክተም የተባለ የአንጎል ክፍል የፊትና የኋላ ጎን አለው። ቦንሆፈርና ባልደረቦቹ የሁለቱን ጎኖች የሕዋስ ሽፋን ፈጭተው እንደ ጥለት ጎን ለጎን በመስመር በመስመር አነጠፉትና ከዳርቻው የሬቲና ቁራጭ አስቀመጡ። በተፈጥሮ ወደ ፊተኛው ጎን የሚሄዱት፣ ከሬቲናው የጆሮ ግንድ በኩል የወጡት ክሮች፣ የፊተኛውን መስመር ብቻ እየመረጡ ሄዱ። እዚህ ላይ ብዙዎች «የፊተኛው ጎን ይስባቸዋል» ብለው ያልፉ ነበር። እነ ቦንሆፈር ግን የኋለኛውን ጎን ሽፋን በሙቀት አበላሽተው ሞከሩት፤ ክሮቹ በሁለቱም መስመሮች ላይ ያለ ልዩነት አደጉ። ስለዚህ ሥራውን ይሠራ የነበረው የኋለኛው ጎን ማባረር ነበር። በ1995 የእነ ቦንሆፈርና በሃርቫርድ የጆን ፍላናጋን ቡድኖች የሚያባርሩትን ፕሮቲኖች ለይተው አወጡ፤ ኤፍሪን ይባላሉ። ክሮቹ ኤፍሪንን የሚለዩበት ተቀባይ ፕሮቲን ደግሞ ኤፍ ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኤፍሪን በቴክተም ላይ ከፊት ወደ ኋላ እየበዛ ይሄዳል። ኤፍ ደግሞ በሬቲና ላይ በጆሮ ግንድ በኩል በርክቶ ወደ አፍንጫው ጎን እያነሰ ይሄዳል። ብዙ ኤፍ የያዘ ክር ጥቂት ኤፍሪን እንኳ ያስደነግጠዋል፤ ስለዚህ ፊት ላይ ይቆማል። ጥቂት ኤፍ ያለው ክር ብዙ ኤፍሪን ችሎ ወደ ኋላ ይዘልቃል። ለዚያኛው አቅጣጫ፣ ለላይና ለታች፣ ሌሎች ተመሳሳይ ጥንዶች አሉ። በጥቂት ዓይነት ፕሮቲኖች ብዛትና ማነስ ብቻ አንድ ሚሊዮን ክር ሰልፍ ይይዛል ማለት ነው።

ስፔሪ ግን ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም፤ ይህም ሊነገር ይገባል። ግማሽ ሬቲና ያላቸው ዓሦች በቂ ጊዜ ሲሰጣቸው ክሮቹ ቀስ በቀስ እየተንሰራፉ ቴክተሙን በሙሉ እንደሚሞሉት በ1970ዎቹ ታየ። መለያው ቋሚ አድራሻ ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር። ምስጢሩ የተፈታው በ2000 በካሊፎርኒያ የሶልክ ተቋም፣ በግሬግ ሌምኪ ቤተ ሙከራ ነው። አይጥ ወስደው በመላው ሬቲና ተበታትነው ካሉት ወደ አንጎል ክር የሚልኩ ሕዋሳት በግማሾቹ ብቻ የኤፍን መጠን ከፍ አደረጉ። ከጭማሪው ያገኙትም ያላገኙትም ሕዋሳት ጎን ለጎን ተሰባጥረው ነው ያሉት። አንጎል ላይ ያገኙት ግን ሁለት የተለያዩ ካርታዎች ነበሩ፤ የእያንዳንዱ ወገን ካርታ ለብቻው ተዘርግቷል። ጭማሪ ያላገኙት ሕዋሳት በራሳቸው ምንም አልተነኩም፤ ሆኖም ጎረቤቶቻቸው ስለተቀየሩ ቦታቸው ተገፋ። ክር የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስነው የራሱ መጠን ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸር ያለው መጠንም ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መድረሻው ነው። መንገዱስ? ከዓይን እስከ ቴክተም ለጽንስ ረጅም ርቀት ነው፤ ከመድረሻው የሚወጣ ሽታ ከመነሻው አይደርስም። አዲስ አበባ ውስጥ እንግዳን ቤታችን ስንጠራ «ከነዳጅ ማደያው ጋ ውረድ፤ ቤተ ክርስቲያኑን በቀኝ ትተህ ቁልቁል ሂድ፤ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ደውል» እንላለን። ነርቭም የሚጓዘው በዚህ ዓይነት ነው፤ ረጅሙ መንገድ በአጫጭር ምዕራፎች ይከፈላል፣ በየምዕራፉ መጨረሻ ምልክት የሚሰጡ ሕዋሳት አሉ። የፌንጣ ጽንስ እግር ላይ እነዚህን ሕዋሳት አንድ በአንድ መለየት ይቻላል። በ1983 ዴቪድ ቤንትሊና ማይክል ኮዲ ከምልክቶቹ መካከል ጥንዶቹን ገደሉ፤ ፈር ቀዳጁ ክር ወደ ዋናው የነርቭ ሥርዓት የሚያደርሰውን መንገድ ስቶ ቀረ። ፈር ቀዳጁ ካለፈ ግን ተከታዮቹ ይቀላቸዋል፤ እሱ ላይ ተጣብቀው ይሄዳሉ፣ ነርቭ ጥቅል የሚሆነውም በዚህ ነው።

ምዕራፍ ያለው ጉዞ አንድ ከባድ ችግር ይዞ ይመጣል። ክሩ ወደ መካከለኛ ምልክት ከተሳበ በኋላ እዚያው እንዳይቀር ምን ያደርገዋል? ይህ በደንብ የተጠናው ኅብለ ሠረሠር ውስጥ ነው። ጣታችንን እሳት ሲነካው ሕመሙን የሚያደርሱት ክሮች ከጀርባ በኩል ተነስተው ወደ ሆድ በኩል ይወርዳሉ፤ የአካልን የመሃል መስመር ይሻገራሉ፤ ከዚያ ወደ ራስ ይታጠፋሉ። የሚሻገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ተመልሰው አይሻገሩም።

የማርክ ቴሲየር-ላቪኝ ቡድን በ1994 ወደ መሃል መስመር የሚስበውን ፕሮቲን ለማግኘት የ25,000 ያህል የጫጩት ጽንሶችን አንጎል ማጣራት ነበረበት። የተገኘው ፕሮቲን ኔትሪን ተባለ። አስገራሚው ነገር፣ መንቀሳቀስ በተሳናቸው ደቃቅ ትሎች ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከዓመታት በፊት ያገኙት ዘረ መል የሚሠራው ፕሮቲን የእሱ ዘመድ ሆኖ መገኘቱ ነው። 302 የነርቭ ሕዋሳት ያሏት ትልና ጫጩት፣ ሰውም ጭምር፣ ክሮቻቸውን የሚመሩት በአንድ ዓይነት ሞለኪውል ነው። ኮሪ ጉድማንና ባልደረቦቹ ደግሞ በካሊፎርኒያ በዝንብ ጽንስ ላይ ሁለተኛውን ግማሽ አገኙ። ሮቦ የተባለው ዘረ መል ሲበላሽ ክሮች መሃል መስመሩን ይሻገሩና ይመለሳሉ፣ ደግመው ይሻገራሉ፣ ክብ እየሠሩ ይዞራሉ። ሮቦ ተቀባይ ነው፤ የሚቀበለው ስሊት የተባለውን፣ ከመሃል መስመሩ የሚወጣውን አባራሪ ፕሮቲን ነው።

እንግዲህ መሃል መስመሩ በአንድ ጊዜ ይስባልም ያባርራልም። ለውጡ ያለው በክሩ ነው። ከመሻገሩ በፊት በዝንብ ውስጥ ኮም የተባለ ፕሮቲን ሮቦን ወደ ጫፉ ገጽ እንዳይወጣ ያግደዋል፤ ክሩ ለስሊት ደንቆሮ ነው፣ ለኔትሪን ግን ንቁ። ሲሻገር እገዳው ይነሳል፣ ሮቦ ገጹን ይሞላዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት የጠራው ቦታ አሁን ያሳድደዋል። በእኛና በሌሎች የጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ኮም የለም፤ ሮቦ3 የተባለ ሌላ የሮቦ ቤተሰብ አባል ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። በዓይን በርም እንዲሁ ነው፦ ኔትሪን ክሮቹን ወደ በሩ ይስባል፤ በሩ ላይ ያለው ላሚኒን የተባለ ፕሮቲን ግን በክሩ ውስጥ ያለውን ኬሚስትሪ ስለሚቀይረው ያው ኔትሪን ወዲያው ወደ ውጪ የሚገፋ ይሆናል። አንድ ሞለኪውል «ሳቢ ነው» ወይም «አባራሪ ነው» ብሎ መፈረጅ የማይቻለው ለዚህ ነው፤ ማን አገኘው፣ በየትኛው ሰዓት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመማሪያ መጻሕፍት ለሃያ ዓመት ኔትሪን ከመሃል መስመሩ እየተነነ እንደ ሽታ ክሮቹን ከሩቅ ይጠራል ብለው ሲያስተምሩ ኖረዋል። በ2017 ሁለት ቡድኖች በአይጥ ላይ ኔትሪንን ከመሃል መስመሩ ሕዋሳት ብቻ አጠፉት፤ ከኋላ አንጎል እስከ ኅብለ ሠረሠር ብዙዎቹ ክሮች ግን ተሻገሩ። ዋናው ሥራ የሚሠራው ክሮቹ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ባሉ ሕዋሳት የሚመረተውና እዚያው የሚለጠፈው ኔትሪን ሆኖ ተገኘ፤ ጫፉ የሚሄደው እየዳሰሰ ነው ማለት ነው። የሳይንስ ጥሩው ነገር እንዲህ ዓይነቱን ያማረ ታሪክ እንኳ ሳይራራ መፈተኑ ነው።

ይህ ሁሉ የትልና የዝንብ ወሬ እንዳይመስል፣ በሰው ላይ የሚታየውን ልንገር። የኔትሪንን ተቀባይ በሚያሠራው፣ ዲሲሲ በተባለው ዘረ መል ላይ ችግር ይዘው የሚወለዱ ሰዎች አሉ። በቀኝ እጃቸው ሲጽፉ የግራ እጃቸው ጣቶች ሳይታዘዙ ያንኑ እንቅስቃሴ ይደግማሉ። አዝራር ሲቆልፉ፣ ማንኪያ ሲያነሱ ሌላው እጅ ይከተላል። መንስኤው ይህ መሆኑ በ2010 ታወቀ። በሮቦ3 መበላሸት የሚወለዱት ደግሞ ዓይናቸውን ወደ ጎን ማዞር አይችሉም፣ አከርካሪያቸውም እየጎበጠ ይሄዳል፤ ይህ የታወቀው በ2004 ነው።

የዓይን ነርቮች መስቀለኛም የራሱ ታሪክ አለው። በሰው ከእያንዳንዱ ዓይን ወደ ግማሽ የሚጠጉት ክሮች ሳይሻገሩ በዚያው ጎን ይቀራሉ፤ በአይጥ የሚቀሩት ከመቶ ጥቂቶች ናቸው። ርቀትንና ጥልቀትን በሁለት ዓይን የምንለካው በዚህ ክፍፍል ነው። አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ዘንድ ከተለመደው በላይ የሆኑ ክሮች ይሻገራሉ፤ ምክንያቱም ከሬቲናው ጀርባ ያለው ቀለም ያዘለ ሽፋን ሲጎድል የሬቲናው ሕዋሳት አመዳደብ ይለወጣል። ስለ አልቢኒዝም ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የቆዳና የፀሐይ ነገር ነው። የአንድ ልጅ እይታ ግን በመነጽር ብቻ የማይስተካከልበት ምክንያት ከቆዳ ሳይሆን ከዚህ የሚመነጭ ሊሆን እንደሚችል አስተማሪዎችና ወላጆች ቢያውቁ እወዳለሁ።

ክሩ ደረሰ እንበል። መድረስ ብቻውን ሕይወት አያረጋግጥም። ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ የፋሺስት ጣሊያን የዘር ሕግ ከዩኒቨርሲቲ ስላባረራት ቱሪን በሚገኘው መኝታ ቤቷ በዶሮ እንቁላል ላይ ትመራመር ነበር። በኋላ በአሜሪካ ከቪክቶር ሃምበርገርና ከስታንሊ ኮኸን ጋር በሠራችው ሥራ መድረሻው ለደረሱት ክሮች የሚሰጠውን የሕይወት ስንቅ፣ የነርቭ ማሳደጊያ ፋክተር የተባለውን ፕሮቲን አገኘች፤ በ1986 ከኮኸን ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። በብዙ የነርቭ ሥርዓት ክፍሎች ከተፈጠሩት ሕዋሳት ግማሽ ያህሉ ስንቁ ስለማይደርሳቸው ይሞታሉ። ተፈጥሮ አትርፋ ሠርታ፣ በደንብ የተጋጠመውን ታስቀራለች።

ከዚያ ደግሞ ማጥራት አለ። የኤፍሪን ካርታ ሸካራ ነው፤ ክሩን ሰፈሩ ያደርሰዋል፣ ደጁን አያሳየውም። ደጁን የሚያሳየው እንቅስቃሴ ነው። ብርሃን ከመታየቱ በፊት ሬቲና በራሷ የኤሌክትሪክ ማዕበል ታነሳለች። ሉቺያ ጋሊና ላምቤርቶ ማፌይ በ1988 የአይጥ ጽንስ ሬቲና ሕዋሳት በጨለማ በራሳቸው እንደሚተኩሱ አሳዩ፤ በ1991 ደግሞ ማርከስ ማይስተር፣ ሬይቸል ዎንግ፣ ዴኒስ ቤይለርና ካርላ ሻትዝ እንቅስቃሴው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እንደ ማዕበል እንደሚዛመት በኤሌክትሮድ ረድፍ መዘገቡ። በአንድ ላይ የሚተኩሱት ክሮች ጎረቤት መሆናቸውን አንጎል የሚረዳው ከዚህ ነው፤ በጋራ የሚተኩሱት መጋጠሚያቸው ይጠነክራል፣ ከሰልፍ የወጣው ይነቀላል።

ከተወለድን በኋላ ሥራውን የሚረከበው እውነተኛ ብርሃን ነው። ዴቪድ ሂዩብልና ቶርስተን ዊዝል በ1960ዎቹ የአንድ ድመት ግልገል አንድ ዓይን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሸፍነው አቆዩ። ሲከፍቱት ዓይኑ ጤነኛ ነበር፤ አንጎሉ ግን ለእሱ የሚመልሱ ሕዋሳት አልነበሩትም ማለት ይቻላል፤ ክፍት የነበረው ዓይን ቦታውን ወርሶታል። አዋቂ ድመት ላይ ያው ሽፈና ይህን አላመጣም። (በ1981 የኖቤል ሽልማቱን ከሁለቱ ጋር የተጋራው ሌላ ሳይሆን ስፔሪ ነው፤ ሽልማቱ ግን ለግራና ቀኝ አንጎል ጥናቱ ነበር።) ሕፃን በዓይኑ ሞራ ይዞ ሲወለድ ሐኪሞች የሚቸኩሉት፣ ሸውራራ ወይም አንድ ዓይኑ የደከመ ልጅ ደህናው ዓይን ላይ ለጊዜው መሸፈኛ የሚደረግለትም በዚህ ግኝት ምክንያት ነው። «ሲያድግ ይተወዋል» እየተባለ የሚባክነው ጊዜ በኋላ በቀላሉ አይመለስም።

አዋቂ ላይስ? እጅ ላይ የተቆረጠ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ እያለ መልሶ ሊያድግ ይችላል፤ የተቆረጠ ኅብለ ሠረሠር ግን አያድግም። ለረጅም ጊዜ የአንጎልና የኅብለ ሠረሠር ክሮች አቅም የላቸውም ተብሎ ይታመን ነበር። በ1981 በሞንትሪያል ሳሙኤል ዴቪድና አልበርት አጉዋዮ ከአይጥ እግር የተወሰደ የነርቭ ቁራጭ እንደ ድልድይ ከኅብለ ሠረሠሩ ጋር ሲገጥሙ እነዚያ ክሮች በድልድዩ ውስጥ እስከ 30 ሚሊሜትር ድረስ አደጉ። አቅሙ ነበራቸው፤ የከለከላቸው አካባቢው ነው። በዙሪክ ማርቲን ሽዋብ ከአንጎል ነርቭ ልባስ ውስጥ እድገትን የሚያግድ ፕሮቲን እንዳለ አሳየ፤ ኖጎ ይባላል።

በ2008 ደግሞ በቦስተን የዚጋንግ ሂ ቡድን በአይጥ የዓይን ሕዋሳት ውስጥ የእድገት ፍሬን የሆነውን ፒቴን የተባለ ዘረ መል አነሳ፤ የተጎዱት ክሮች በነርቩ ውስጥ ማደግ ጀመሩ። ደስታው ትልቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በተሠሩ ጥናቶች ወደ መስቀለኛው የደረሱት ክሮች ሲታዩ ግን ብዙዎቹ መንገድ ስተው ነበር፤ አንዳንዶቹ ወደ አንጎል በመዞር ፈንታ በሌላኛው ነርቭ ገብተው ወደ ሌላው ዓይን እየሄዱ ነበር። ዛሬ በየቤተ ሙከራው ያለው ጥያቄ ይህ ነው፦ በጽንስነት ክሩን የመሩት ኔትሪን፣ ስሊትና ኤፍሪን በአዋቂ አንጎል ውስጥ የትኞቹ ቀርተዋል፣ የትኞቹስ እንደገና መቀመጥ አለባቸው፣ ያደገው ክር ጫፍስ እነሱን ለማንበብ የሚያስፈልጉትን ተቀባዮች መልሶ ሊያወጣ ይችላል ወይ?